ሁለት ኪሎ ማር ለተርብ

አማርኛችን አንዳንዴ ደግነቱ ይበዛል። ለአይጥ የምናስቀምጠውን መርዝ «የአይጥ መድኃኒት» እንለዋለን። ለበረሮ የምንረጨው «የበረሮ መድኃኒት» ነው፤ ለትኋን የምንነሰንሰውም «የትኋን መድኃኒት»። ቋንቋውን ገና የሚለማመድ እንግዳ ቢሰማን፣ አይጦቻችን ታመውብን ስናስታምም የምናድር ይመስለዋል። ገጠርም ስትሄዱ ያው ነው። ገበሬው «ዘንድሮ በቆሎዬን መድኃኒት ረጨሁት» ይላል። ሲናገር ያከመ እንጂ መርዝ የረጨ አይመስልም። መድኃኒት የተባለን ነገር ደግሞ ማን ይፈራል? «ትንሽ ካሻረ ብዙው ይበልጥ ያሽራል» ብሎ እጥፍ አድርጎ የሚበጠብጥም ሞልቷል።

ይህን የማነሳው ለቋንቋ ጥናት አይደለም። አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ሥራው ተባይን ያለ መርዝ ልክ ማስያዝ ነው። ችግሩ የሥራው ስም አይያዝም። ሰው ሲጠይቀው ምን ብሎ እንደሚመልስ እስከ ዛሬ አልተዋጣለትም። እናንተም ፍረዱት። በአገራችን ከብት አርቢ ክብር አለው። ዶሮ አርቢ ብድር ያገኛል። ንብ አናቢ በዓል ሲመጣ ማር ይዞ ብቅ ይላል። ትል አርቢስ?

ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ የላከ ጊዜ፣ የልጅቷ አባት እንደ ወጉ «ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ አሉ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«በምን ላይ?»

«እርባታ ላይ ነው።»

«የምን እርባታ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «የትል» ሲሉ፣ አባትየው ራሳቸው ደረሱላቸው። «የሐር ትል ነዋ! ጥሩ ሥራ ነው!» አሉ። ሽማግሌዎቹም አላስተባበሉ። ጋብቻው የቆመው በሐር ላይ ነው ማለት ይቻላል። እናቱ ደግሞ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ልጄ ለገበሬ መድኃኒት ይሠራል» ይላሉ። ነገሩን ሳስበው ከሁላችንም ለእውነቱ የቀረቡት እሳቸው ናቸው።

ወዳጄ የሚያረባው ሁለት ነገር ነው፤ ትልና የትሉን ገዳይ። ገዳይዋ ተርብ ናት። ተርብ ስላችሁ ያቺ ልጆች ዛፍ ሲነቀንቁ የምታሳብጣቸውን አታስቡ። የእሱ ተርቦች አብዛኞቹ ከጤፍ ፍሬ ብዙ አይበልጡም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞሉም። ሰውን አይነድፉም። እንስቷ ተርብ እንቁላሏን የምትጥለው ሌላ ነፍሳት ውስጥ ነው፤ ትል ውስጥ፣ ወይም ገና ትል ያልሆነ የእሳት እራት እንቁላል ውስጥ። ጫጩቶቿ እዚያው ይፈለፈላሉ፣ እዚያው ይበላሉ፣ በልተው ሲጨርሱ ቤቱን ቀደው ይወጣሉ። ቅማልና መዥገርም በሌላው ላይ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ባለቤቱን እየመጠጡ ያኖሩታል። እነዚህ ግን ሲወጡ ባለቤቱ ሞቷል። ሳይንሱ ይህን ዓይነቱን «ፓራሲቶይድ» ይለዋል። እኛ «ገዳይ ጥገኛ» ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ታዲያ ተርቧን ለማርባት መጀመሪያ ትሉን ማርባት ግድ ነው። እንግዲህ ሥራው እዚህ ላይ ነው ግራ የሚያጋባው። ገበሬው በእግዚኦታ የሚያባርረውን ትል ወዳጄ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ያበላዋል፤ ቅጠል ይቀይርለታል፤ ሙቀቱን ይለካለታል። ጠላትን በደንብ ሳይቀልቡ የጠላትን ጠላት ማሳደግ አይቻልም።

አንድ ቀን ክፍሎቹን አስጎበኘኝ። የመጀመሪያው ክፍል የወፍጮ ቤት ሽታ አለው። በሳጥን ሳጥን የተከካ እህል ተቀምጧል፤ ውስጡ የሩዝ የእሳት እራት ይራባል። የእራቷ እንቁላል በወንፊት ይለያል፤ በሙጫ ካርቶን ላይ ይለጠፋል፤ ካርቶኑም ትራይኮግራማ የምትባለው ደቃቅ ተርብ ያለችበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ እንቁላሎቹ ይጠቁራሉ። እዚያ ቤት ጥቁር ማለት ምሥራች ነው፤ እንቁላሉ ውስጥ ያለው እራት ሳይሆን ተርብ ሆኗል ማለት ነው። ያ ጥቁር ካርቶን ተቆራርጦ ማሳ ላይ ከቅጠል ሥር ይሰካል። ቀጣዩን ሥራ ተርቦቹ ራሳቸው ይወስዱታል።

ሁለተኛው ክፍል ተምች አለ። እያንዳንዱ ትል ለብቻው በትንሽ ኩባያ ተቀምጧል።

«ለምን ለየብቻ? ሰፊ ዕቃ አጣችሁ?» አልኩት።

«ከፍ ሲሉ እርስ በርስ ይበላላሉ» አለኝ። «ማታ ሃምሳ አብረህ ብታሳድር ጠዋት ጥቂት ወፋፍራም ታገኛለህ።»

በሦስተኛው ክፍል አንዲት ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ በለስላሳ ወረንጦ አገዳ ቆርቁር ትይዛለች። ትሉን ወደ ብልቃጡ አፍ ታስጠጋዋለች። ተርቧ ዘልላ ትወጋዋለች። አለቀ፤ ሰከንድ አይፈጅም። ልጅቷ የተወጋውን ወደ ሌላ ዕቃ ታኖርና ሌላ ታነሳለች። የሕፃናት ክትባት ዘመቻ ነው የሚመስለው። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ከትሉ ቆዳ በርካታ ጫጩቶች ይወጡና ነጭ ክር ይፈትላሉ። ሳየው የተባዘተ ጥጥ ቁራሽ መሰለኝ። ልጅቷ በቀን ስንት እንደምታስወጋ ስጠይቃት «እጄ እስኪደነዝዝ» አለችኝ። ቀና ሳትልም ቀጠለች።

የቤቱ ሕግ ጥብቅ ነው። ጠዋት ወደ ትሎቹ ይገባል፤ ከሰዓት ወደ ተርቦቹ። ተገላብጦ አይሠራም። በሰው ልብስ ላይ ተሳፍራ አንዲት ተርብ ትሎቹ ክፍል ከገባች የወራት ልፋት ገደል ይገባል፤ ነገ የሚቀለብ ትል አይኖርም። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ያልተጠቃች እንስት ተርብም እንቁላል ትጥላለች፤ የሚወለዱት ግን ሁሉም ወንድ ናቸው። ወንዶቹ ደግሞ ትል አይወጉም። ማጣመሩ ካልተሳካ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ቤቱ በወንድ ብቻ ይሞላና ሥራው ይቆማል። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ «የአንዳንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ አይመስልም?» አለኝ። እኔ ዝም አልኩ፤ ልጅቷ ግን ሳቀች።

ሌላም አለ። ቤት ውስጥ ብዙ ትውልድ የተቀለበች ተርብ ትሰንፋለች። ምግቧ ሁልጊዜ በወረንጦ ስለሚቀርብላት ፈልጎ ማግኘት ይጠፋባታል። ስለዚህ በየጊዜው ከማሳ የዱር ተርብ አምጥቶ ከቤቱ ዘር ጋር መቀላቀል ያስፈልጋል።

ትልቁ ፈተና ግን ትሉም ተርቧም አይደሉም አለኝ፤ የግዥ ሥርዓቱ ነው። ተርቦቹ ካደጉ በኋላ ማር ይልሳሉ። በመርፌ ጫፍ የምትንጠባጠብ ትንሽ ማር ዕድሜያቸውን ታራዝማለች። ስለዚህ ወዳጄ ይሠራበት ከነበረው ቦታ በአንዱ «ማር፣ 2 ኪሎ፣ ለተርብ» ብሎ የግዥ መጠየቂያ ጻፈ። ወረቀቱ ሄዶ ሄዶ ተመለሰ። ራሱ ሄዶ ሲጠይቅ የፋይናንስ ሰውዬው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ማሩን ማን ነው የሚበላው?»

«ተርቦቹ ናቸው ጋሼ።»

«እኔ እስከማውቀው ማር የሚሠራ እንጂ የሚበላ ነፍሳት በመንግሥት በጀት አይያዝም።»

ማሩን ከኪሱ ገዛው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ የንብረት ቆጠራ መጣ። ቆጣሪው «ስንት ተርብ አለ?» አለ። «በግምት ወደ 20,000።» «ባለፈው ቆጠራ?» «ያኔማ ብዙ ነበር፤ ተለቋል።» «በምን ሰነድ ወጣ? ገቢ ሲሆን በሞዴል 19፣ ወጪ ሲሆን በሞዴል 22 ነው የምናውቀው።» ሰው የማይፈርምበት፣ መጋዘን የማይገባ፣ በር ሲከፈትለት ብር ብሎ የሚሄድ ንብረት በየትኛው ሞዴል ይወጣል? ነገሩ ያስቃል፤ ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ድረስ ትሉ መብላቱን አያቆምም። ዓርብ ማታ መብራት ሄዶ ሰኞ ቢመጣ፣ የሁለት ዓመት ዘር በሦስት ቀን ያልቃል። ያለቀ ዘር ደግሞ በጨረታ አይገዛም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ረጭቶ መገላገል አይቀልም?» ትሉ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠይቄው የካሳቫን ታሪክ ነገረኝ።

ካሳቫ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ወደ አፍሪካ የመጣው ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት ሲሆን፣ ዋነኛ ተባዩን አገሩ ጥሎት ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1973 ገደማ ግን ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል ነጭ ተባይ ኮንጎ አካባቢ ታየች። ተባይዋ ስትመጣ በተራዋ ጠላቷን አገሯ ትታ ነው። ከልካይ የሌላት ሆነች። ከዓመት ዓመት ከአገር አገር እየተዛመተች ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርበትን ሰብል ታደርቀው ጀመር። ናይጄሪያ፣ ኢባዳን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሄረን መርዝ ፍለጋ አልሄደም። «ይህች ተባይ አገሯ ላይ ለምን አታጠፋም?» ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1981 ተባይዋ ፓራጓይ ውስጥ ተገኘች፤ ጠላቷም እዚያው አብራት ተገኘች፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ተርብ። ተርቧ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ተለይታ ተመረመረች። ከዚያ ኢባዳን ላይ ተረብታ በዚያው ዓመት መለቀቅ ጀመረች። ኋላማ ከአውሮፕላን ሁሉ ትበተን ነበር። ወደ ሠላሳ በሚጠጉ የአፍሪካ አገሮች ተባይዋ ልኳን ያዘች። ሄረን እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ምግብ ሽልማትን ተቀበለ።

ልብ በሉ፣ ተባይዋ አልጠፋችም። ልኳን ነው የያዘችው። ተርቧ ተባይዋን ጨርሳ ብትፈጅ እሷም በረሃብ ታልቃለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥቂት ተባይ ይቀራል፤ ለእሱም ጥቂት ተርብ ይቀራል። ገበሬው ደግሞ ከመሃል እህሉን ያገኛል። እኛ «ድምጥማጡን ማጥፋት» የሚባል ነገር ስለምንወድ ይህ ዓይነቱ ድል ድል አይመስለንም። ፎቶ አይነሳም፤ አይመረቅም፤ ሪባን አይቆረጥለትም። የሚሸጠውም የለም። የመርዝ ነጋዴ በየዓመቱ ተመልሶ ይሸጥላችኋል። ተርብ ግን አንድ ጊዜ ከተለመደች ራሷን ትተካለች፤ ደረሰኝ አትቆርጥም። ማስታወቂያ የሌላት ለዚህ ይመስለኛል።

በእኛም አገር ያልተነገረላት እንግዳ አለች። ከእስያ የመጣ አገዳ ቆርቁር በምሥራቅ አፍሪካ በቆሎና ማሽላ ላይ ጉዳት ሲያደርስ፣ ናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ጠላቱን ፍለጋ ወደ እስያ ተሻገረ። ኬንያዊው ቶማስ ኦድሂያምቦ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቋቋመው ማዕከል ነው። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የምትባለው ተርብ ከፓኪስታን መጥታ እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ ተለቀቀች፤ በ1997 ደግሞ ሶማሊያ ውስጥ። ኢትዮጵያ ውስጥ የለቀቃት ማንም አልነበረም። ነገር ግን በ1999 አጥኚዎች እዚህ ማሳ ውስጥ አገኟት። ከሶማሊያ በኩል ሳትመጣ እንዳልቀረች ነው የተገመተው። ቪዛ የለ፣ ኬላ የለ፤ ትሉን እየተከተለች ገባች፤ ሥራዋንም ጀመረች።

የመጤው ተምች ነገር ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ይህ ከአሜሪካ የመጣ ተምች አፍሪካ ውስጥ መታየቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እኛ ዘንድ በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ፣ ሸካ ዞን ታየና በወራት ውስጥ ብዙውን የበቆሎ አገር አዳረሰ። እራቷ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር መብረር ትችላለች፤ በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ያኔ ገበሬው ከነልጆቹ ወጥቶ በእጁ ሲለቅም ነበር። መርዙም በየቦታው ተረጨ። በዚያው ዓመት አጥኚዎች ከማሳ የሰበሰቡትን ትል ሲመረምሩ ግን ማንም ያላሰለፈው ሠራዊት አገኙ። ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች አፍሪካዊት ተርብ በኢትዮጵያ ናሙናዎች ውስጥ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑ ትሎችን ወግታ ነበር። ይህች ተርብ ሳይንሳዊ ስም ራሱ ያገኘችው በዚያው በ2017 ነው። ትሉ ገና መግባቱ፣ እሷ ገና መታወቋ፤ ግን አድራሻውን አላጣችውም።

ነገሩን ሁሉ ወርቅ አድርጌ እንዳላወራላችሁ፣ ይህ መንገድ የራሱ አደጋ አለው። አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ1935 የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛ ይበላልናል ብለው ከሃዋይ ትልልቅ ጉርጥ አመጡ። ጥንዚዛው አገዳው ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ጉርጡ ደግሞ መውጣት አይችልም። ጥንዚዛውን ትቶ ሌላ ሌላውን በላ፤ ተራባ፤ መርዛም ስለሆነ የበላውን አውሬ ሁሉ ገደለ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተገላገሉትም። ከዚያ ወዲህ ዓለም የተማረው፣ ያገኘውን የሚበላ ሆዳም ሳይሆን አንድ ነገር ብቻ የሚበላ መራጭ ማምጣትን ነው። እኛም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለን። ለቅንጭ አረም የታሰበችው ጥንዚዛ ከደቡብ አፍሪካ ስትመጣ ወዲያው ማሳ ላይ አልተበተነችም። አምቦ ላይ በዝግ ክፍል ተቀመጠች። ከተጠየቁት ጥያቄዎች ዋነኛው «ኑጋችንን ትበላብን ይሆን?» የሚል ነበር፤ ኑግና ቅንጭ አረም በተክል ዘር ቤተሰብ ናቸውና። ፈተናዋን አልፋ ወለንጪቲ አካባቢ የተለቀቀችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዓመታት የፈጀ ጥንቃቄ ነው። መዘግየት ሁሉ ስንፍና አይደለም።

ይህን ሁሉ ይዤ ጎጃም፣ ሜጫ ወዳሉት አጎቴ ሄድኩ። አጎቴ ሁለት ጥማድ በቆሎ አላቸው፤ የዓመት ቀለባቸውም፣ የማዳበሪያ ዕዳቸውም ከዚያው ነው። በዚያ ክረምት ገበያ ወርደው በውኃ ላስቲክ የተቀዳ፣ ጽሑፍ የሌለው «መድኃኒት» ገዝተው ነበር። «ለአንድ ጀሪካን ሁለት ክዳን» ተብለው ሦስት አደረጉት። መርጫውን ከጎረቤት ተውሰው፣ ባዶ እግራቸውን፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከጠዋት ጀምረው ረጩ። እኩለ ቀን ላይ ዓይናቸው ጭጋግ ለበሰ፤ አስመለሳቸው። ወተት ጠጥተው ተኙ።

«ትሉስ?» አልኳቸው።

«ትሉማ ምን ይሆናል? በቆሎው አናት ላይ፣ ቅጠሉ የተጠቀለለበት ውስጥ ገብቶ በራሱ ኩስ ደፍኖታል። ከእኔ እሱ ብልጥ ነው።»

ልክ ናቸው። ትሉ ከውስጥ ተደብቋል፤ ቅጠሉ ላይ እየተራመደች እሱን የምትፈልገው ተርብ ግን ውጭ ናት። መርዙ መጀመሪያ የሚያገኛት እሷን ነው። በሚቀጥለው ዙር የተረፈው ትል ሲራባ የሚከለክለው የለም፤ ስለዚህ ሌላ ላስቲክ ይገዛል። ይህን ለአጎቴ በምችለው ሁሉ አስረዳኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንዲህ አሉ፦

«መልካም። ተርቧ ትሉን ትወጋልኛለች። ግን መች? የእኔ በቆሎ ሐምሌን ካለፈ አለፈ። ደሞስ እኔ ብተው ጎረቤቴ ቢረጭ? ያንተ ተርብ አጥር ታውቃለች?»

መልስ አጣሁ ማለት ባልችልም፣ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው የሳይንስ ጥያቄ አልነበረም። ላስቲኩ የግል ነው፤ ገዝቶ የራስን ማሳ መርጨት ይቻላል። ተርብ ግን የግል አትሆንም። አንዱ ሲረጭ የሌላውም ታልቃለች፤ አንዱ ሲታገሥ የሌላውም ትጠግባለች። ገበሬዎቻችን ደቦና ወንፈል የሚያውቁ ናቸው፤ የመስኖ ውኃ በተራ ማጠጣትን ያውቃሉ። ስለ ተርብ ግን እንዲቀመጡና እንዲስማሙ የጠራቸው የለም። የሚጠራቸው ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ሊመጣ አይችልም። በሐምሌ የሚያድል ጥቁር ካርቶን፣ በዝናብ የማይቋረጥ መብራት፣ ሁለት ኪሎ ማር የሚያስገዛ ሞዴል ያስፈልገዋል። ይህ ሳይሟላ አጎቴን «መርዝ አትርጩ» ማለት፣ ልጆቻቸውን ጦም አሳድሩ ከማለት ብዙም አይለይም። ወዳጄም ይህን ያውቀዋል። ሁልጊዜ ስለ መርዝ ጉዳት ሲወራ «ገበሬውን አትምከሩት፤ ምትኩን ስጡት» ይላል።

አጎቴ ግን ነገሩን ሙሉ በሙሉ አልጣሉትም። በቀጣዩ ዓመት ከማሳቸው ዳር ጥቂት መስመር ሳይረጩ ተዉ። «ለአንተ ብዬ ነው» አሉኝ፤ ላስቲኩ ዋጋው በመጨመሩም ይመስለኛል። ነሐሴ ላይ ስልክ ደወሉ። ከኋላቸው ዝናቡ ይሰማል።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ትሉ አጠገብ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ትሉም ፈዟል። እንቁላሉ ነው መሰለኝ፤ ልጨፍልቀው?»

«ኧረ እንዳይነኩት!» ብዬ ጮህኩ። «የትሉ እንቁላል አይደለም፤ ተርቧ ናት። ከትሉ ውስጥ ወጥታ ነው። ይተዉአት፣ በጥቂት ቀን ትበራለች።»

ትንሽ ዝም አሉ። የሚያዩትን ነገር ጠጋ ብለው ሲያዩት ታየኝ።

«እስከ ዛሬ ሳገኘው በጣቴ ስጨፈልቀው ነው የኖርኩት እኮ» አሉ። ቀጥለውም «እሺ፣ ትቼዋለሁ። ጎረቤቴስ? እሱም እንደኔው ነው የሚጨፈልቀው። ለእሱ ማን ይንገረው?» አሉኝ።

«እርስዎ ይንገሩት» አልኳቸው።

«እኔማ ብነግረው ማስረጃ ይለኛል። ያንን ትል አርቢ ወዳጅህን ላከው።»